የማንጠግቦሽ አጃ

ደባርቅ ላይ የክንዴን አውቶቡስ ጡሩምባ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከጎንደር ሲመጣ አንድ ጊዜ፣ ከሽሬ ተመልሶ ሊማሊሞን ሲወጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋዋል። ሁለተኛዋ ያንን ገደል በሰላም ለመውጣቱ የምስጋና ናት ይላሉ። ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ጡሩምባው ሻዩን ጣጂ፣ ዳቦውን ቁረጪ ማለት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው መንገድ ዳር ባለችው ሻይ ቤቷ ነው፤ ሻይ ቤቷ የምትኖረው ደግሞ በክንዴ ተሳፋሪዎች ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ በለጠች የምትባል ሴት ከጎንደር መጥታ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ቡና ቤት ከፈተች። ቤቱ ከማንጠግቦሽ ቤት አይሰፋም፤ ወንበሩም ያው ይወዛወዛል። ነገር ግን በለጠች ደጃፏ ላይ የመስታወት ሳጥን አቆመችና በውስጡ የጎንደር ኬክ ደረደረች። ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ፣ አናቱ ላይ ቀይ የተቀባም አለ። ኬኩ የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ ስለሚደርስ ጥርስ ይፈትናል፤ ቢሆንም በመስታወት ውስጥ ያለ ነገር ሰው ማስጎምጀቱ አይቀርም። ኬኩን ከጎንደር ጭኖ የሚያመጣው ደግሞ ራሱ ክንዴ ነው። እቃውን ለማውረድ ማዶ ይቆማል፤ ማዶ ከቆመ ተሳፋሪው ማዶ ይወርዳል፤ ማዶ የወረደ ተሳፋሪ መንገድ ተሻግሮ ዳቦ ለመብላት የሚያበቃ ምክንያት የለውም። የማንጠግቦሽ ዳቦ በጠዋት እንደ ተቆረጠ ማታ ደርቆ ይገኝ ጀመር።

ማንጠግቦሽ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ማዶውን እያየች ብርጭቆ ስትወለውል ግን ብርጭቆው ያሳዝን ነበር። እንዲህ እየሆነች ሁዳዴ ድረስ ከቆየች ቤቱን ዘግታ በየዳ ከሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ነው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ እንግዳን የምትወደው ሲሄድ ነው።

የአክስቷ ተዝካር ጎንደር ሲጠራት፣ ሌላም ጉዳይ በልቧ ይዛ ሄደች። ተዝካሩ እንዳለቀ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ በሕይወቷ ገብታ ከማታውቀው አንድ ኬክ ቤት ገባችና ጥግ ተቀመጠች። ከሳጥኑ ውስጥ ቢጫውንም ነጩንም ንቃ፣ ዳር ላይ ወደ ተቀመጠ አራት ማዕዘን ነገር ጠቆመች። ከላይና ከታች ቡናማ፣ መሀሉ ቀይ ነው። ቡናዋ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ስትገምጠው ከላይ ተንኮሻኮሸ፣ መሀል ላይ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሆኖ ረጠበ፣ ከታች እንደገና ተንኮሻኮሸ። ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛ ገምጣ ቀስ ብላ አኘከች፤ ሦስተኛውን ከምላሷና ከጥርሷ መሀል አቁማ እንደ ዳኛ መረመረችው። ከዚያ ዓይኗን ከፈተች። የምታውቀው እህል ነው። አስተናጋጁን ጠርታ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ከውጭ አገር በቆርቆሮ የሚመጣ የፈረንጅ አጃ መሆኑን ደረቱን ነፍቶ ነገራት።

አጃ! ማንጠግቦሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። በደባርቅ ዙሪያ አጃ ማለት ሳይጠሩት ከገብስ መሀል የሚበቅል፣ ሴቶች ከሰፌድ ላይ እየለቀሙ የሚጥሉት፣ ለበቅሎ የሚሰጥ እህል ነው። ለእንግዳ አጃ አቀረበች የተባለች ባለሻይ ቤት ስሟን ለማደስ ሌላ አገር መሄድ ይኖርባታል። ስለዚህ ገና አውቶቡሱ ላይ ሳለች ሐሳቧን ቆረጠች፤ ትሠራዋለች፣ ነገር ግን አጃ መሆኑን አንድም ሰው አያውቅም።

ይህን ሁሉ ስታስብ አንድ ነገር ዘነጋች። በዚያ አገር አጃ ሰው የሚበላበት አንድ ጊዜ አለ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከአንድ የአምባራስ ገበሬ አጃ ገዛች፤ ከላዩ ገብስ በትና ሸፈነችው። ቀጥላ ለጋ ቅቤ፣ ቀጥላ ማር ገዛች። ዘወር ስትል ጎረቤቷ አልጣሽ ከኋላዋ ቆማለች። አልጣሽ በየቤቱ ሴት ስታምጥ ከአዋላጇ ቀድማ የምትደርስ፣ የገንፎውን ውኃ የምትጥድ ሴት ናት። እጇን ወደ ከረጢቱ ሰዳ ገብሱን ገለጥ አደረገችና አጃውን አየችው፤ ቅቤውንም አየችው፤ ማሩንም አየችው።

«ለማን ነው እህቴ?» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ማንጠግቦሽ ለእንግዳ ነው ከማለት ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። «ለራሴ ነው» አለች። «ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

አልጣሽ አልነገረችም። ዝም ብላ የእያንዳንዷን ሴት ክንድ ጨበጥ እያደረገች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ያ በቂ ነበር።

ማንጠግቦሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት በሯን ቀደም ብላ እየዘጋች ጓዳ ውስጥ አሳለፈችው። አጃውን በሙቀጫ ወቅጣ፣ በሰፌድ አንገዋላ፣ አመስ አድርጋ ሸረከተችው። ከሊማሊሞ አፋፍ የለቀመችውን እንጆሪ ከማር ጋር አፍልታ እንደ ማርማላታ አወፈረችው። አጃውን በቅቤና በማር ለውሳ ግማሹን ከታች ደለደለች፣ እንጆሪውን ቀባች፣ የቀረውን ከላይ አለበሰችው። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። መጋገሩ ግን አስለቀሳት። መጀመሪያ ምጣድ ላይ ብታደርገው ታቹ አርሮ ላዩ ሊጥ ሆነ። ከዚያ ማሩን ብታበዛው እንደ ሙጫ ተጣበቀና ከድስቱ በድንጋይ ተፈልጦ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ስትቆርጠው ተበትኖ ቆሎ ሆነ። ብላሽ የሆነውን ሁሉ ለሰው መስጠት አይቻልም፤ ምስጢር ነው። መጣልም አይቻልም፤ ቅቤና ማር ነው። ስለዚህ በላችው። መጨረሻ ላይ ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር አስታወሰችና ድስቱን በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ በብረት ክዳን ከድና፣ ከላይም ከታችም እሳት አደረገችለት። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ክዳኑን ስታነሳ የጎንደሩ ኬክ ወንድም ከነመልኩ ተኝቶ አገኘችው። ቀሚሷ ግን ወገቧ ላይ አልገጥም ብሏታል።

እንግዲህ አገሩ ያየውን ያገጣጥም። ባል የሌላት ሴት የአራስ አጥሚት የሚሠራበትን አጃ፣ ቅቤና ማር ለራሴ ብላ ገዛች። በሯን በጊዜ ትዘጋለች። ሆዷ ገፋ ብሏል። ድሮ ከቤቷ የማይጠፋው ሹፌር ክንዴ ደግሞ መንገድ ለይቶ ማዶ መቆም ጀምሯል። ይህን መደመር የማይችል ሰው ደባርቅ ውስጥ አልነበረም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶች እንስራውን ከጀርባዋ ይቀበሏት ጀመር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከጥላው በኩል ቦታ ይለቁላታል። ማንጠግቦሽ ጎንደር ደርሳ በመመለሷ የተጨመረላት ክብር መስሏት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትቀበለው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መጡ። በዘንጋቸው በሩን መታ መታ አድርገው ገቡና ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

«ልጄ» አሏት፣ «አገር አውቆት እኔ የነፍስ አባትሽ ሳላውቀው ደግ ነው?»

የማንጠግቦሽ ፊት ደም ለበሰ። አልጣሽ አጃውን አወራችው ማለት ነው። እግራቸው ሥር ወደቀች። «ይፍቱኝ አባቴ። እንዲያው ችግር ነው እዚህ ያደረሰኝ። ክንዴ ወደ ቤቴ እንዲመለስልኝ ብዬ ነው።»

መምሬ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «እሱስ ያውቃል?»

«ከየት ያውቃል? ዛሬ ላሳየው ነው።»

«ምን ልታሳዪው?»

«ማታ ነው የወጣው፣ ያማረ ሆኗል። በኮባ ጠቅልዬ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ።»

መምሬ ወልደ ሩፋኤል በዕድሜያቸው እንደዚያ ፈጥነው ተነስተው አያውቁም። ዘንጋቸውን ጥለው ጓዳ ገቡ፣ ጥቅልሉን ገለጡት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ማንጠግቦሽ የሚያለቅሱ መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች። የሚስቁ መሆናቸውን ያወቀችው ቀና ሲሉ ነው። አገሩ ምን እንደሚል ሲነግሯት ደግሞ ውኃውን ራሷ ጠጣችው።

መምሬ አሁኑኑ ወጥተው እውነቱን ሊናገሩ ሲነሱ ጋቢያቸውን ያዘቻቸው። እውነቱ ከተነገረ አጃው መነገሩ ነው። ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ ነገሯት፤ ወይ እርጉዝ ናት መባሉ ይቀጥላል፣ ወይ ለእንግዳ የበቅሎ ቀለብ ልታበላ ነበር ይባላል። ሌላ ሴት ብትሆን ይህ ምርጫ ጊዜ አይፈጅባትም ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ከመደቡ ተቀምጣ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ ከምር አሰበችበት።

«አጃው ይሻላል» አለች በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደሚነቀልበት ሰው። «ግን ተናግረው ብቻ አይተዉኝ። ቀምሰው ይመስክሩልኝ።»

«ቅቤ አለበት?»

«አለበት።»

መምሬ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «ዛሬ ረቡዕ ነው ልጄ።»

ሁለቱም ጥቅልሉን በኀዘን አዩት። ምስክር አለ፣ እውነት አለ፣ የሚቀምሰው አፍ የለም። አንድ ቀን ቢያድር ደግሞ ወሬው ሽሬ ይደርሳል። ማንጠግቦሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። የቀረ አጃ ነበራት፤ እንጆሪውም አልጎደለም፤ ማር ከጾም ጋር ጠብ የለውም። በቅቤው ፈንታ የኑግ ዘይት አደረገችበትና ከላይም ከታችም እሳቱን አነደደች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾም ሲፈታ፣ ጡሩምባው ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ተሰማ። ክንዴ እንደ ልማዱ ማዶ ቆመ። ተሳፋሪው ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ ሊማሊሞ አንጀቱን ያላወሰው ነው፤ ወርዶ የበለጠችን የመስታወት ሳጥን ከበበው። ነገር ግን ኬኩ ውስጥ ወተት አለ፣ እንቁላል አለ፣ ቅቤ አለ። ሕዝቡ መስታወቱን እያየ ባዶ ሻይ አዘዘ።

ያን ጊዜ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መንገዱን ተሻገሩ፤ ማንጠግቦሽ ትኩሱን በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግታ ተከተለቻቸው። ሴቶቹ በየደጁ ብቅ አሉ። አልጣሽ የገንፎ ዱቄት በጉያዋ ይዛ ከፊት ቆማለች። ክንዴ ወሬውን ሽሬ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሰምቶት ኖሮ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ከመሪው ጀርባ ተሸሸገ።

«ውረድ ልጄ» አሉት መምሬ። «ሰው ያንተ ነው ይላል። ቅመሰውና አንተው ፍረድ።»

ክንዴ የሚሄድበት አጥቶ ወረደ። መምሬ ቀድመው ባርከው ቆረሱ፤ አኘኩ፤ ሁለተኛ ቆረሱ። ክንዴም ተቀበለ። ሲያኝክ ተንኮሻኮሸ። ቆቡን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገ።

«እትዬ፣ ይህ አጃ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ከየደጁ አንገታቸውን አሰገጉ። ማንጠግቦሽ ቅጠሉን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። «አጃ ነው» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ያው በቅሎ የሚበላው። ጎንደር በመስታወት አድርገው ሲሰጡኝ በልቻለሁ፤ እናንተም ብሉ። ሆዴም የአጃው ነው፣ ሌላ እንዳትፈልጉ።»

መጀመሪያ የሳቀው ከበየዳ የመጣ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ነው። ሳቁ ከደጅ ወደ ደጅ ሄደና ሲመለስ ቅጠሉ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ተሳፋሪው ሻዩን በእጁ እንደያዘ፣ የበለጠችን ብርጭቆ ሳይቀር ይዞ፣ መንገዱን ተሻገረ።

ክንዴ የዚያን ቀን ወደ ጎንደር መንገዱን ቀጠለ። በማግስቱ ከጎንደር ሲመጣ ግን የበለጠችን ኬክ ማዶ አውርዶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አውቶቡሱን ወደ ማንጠግቦሽ በር አዞረው። ሴትዮዋን ለወሬ ዳርጓታልና ይህን ያህል ይገባታል አለ፤ አፉ ግን ሙሉ ስለነበር ንግግሩ በደንብ አልተሰማም።

ሁዳዴ ሲገባ በለጠች ሳጥኗ ባዶውን ቆሞ ዝንብ ሲያርፍበት አየችና ሁለት ሰው አሸክማ መንገዱን ተሻገረች። እስከ ፋሲካ ትጠቀምበት ብላ ማንጠግቦሽ ደጅ አስቀመጠችው፤ በምላሹ በየቀኑ ከአጃው እንድትልክላት ብቻ ለመነች። ሳጥኑ ውስጥ የተደረደረውን ተሳፋሪው በስሙ አይጠራውም፤ ስምም አልነበረውም። «አንድ ሻይ፣ አንድ አራስ» ብሎ ያዛል።

አልጣሽ ግን እስከ ዛሬ አልተረታችም። ነገሩ በተነሳ ቁጥር እኔ ምን አጠፋሁ ትላለች፤ «ለራሴ ነው» ያለችኝ እሷ ናት። የገንፎውን ዱቄትም አልበላችውም። ማን ያውቃል ብላ ቆጥ ላይ ሰቅላዋለች፤ ክንዴ ሻይ ጠጥቶ ሲዘገይ ቀና ብላ ዱቄቱን ታያለች።