የታጠበው ጠርሙስ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሲመጣ ደግሞ የከረመ ቂም እንዳለበት ሰው መጣ። ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዶችን ገልብጦ ከውሃው መስመር ጋር አገናኛቸው። በታችኛው ሰፈር አርባ ሰው ታመመ፤ አራቱ አልተነሡም። ከአራቱ ሦስቱ ጥርስ ያላወጡ ነበሩ። የውሃ ቢሮው ክሎሪን ጨመረ፤ ቧንቧዎቹንም በቁልፍ ዘጋ። ሰዉ ከሩቅ እየቀዳ ሰነበተ።

ይከፈት አይከፈት የሚለው ነገር በናሙና ወሳጁ እጅ ላይ ወደቀ። ለሠላሳ ዓመት ውሃ በጠርሙስ ሲሸከም ስለኖረ ጋሽ ጠርሙስ ይሉታል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ያን ቀን ጠዋት የበረዶውን ሳጥን ሞተር ብስክሌቱ ላይ አስሮ ወጣ። መጀመሪያ ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው፣ ለጨውና ለብረት ምርመራ አምስት ጠርሙስ ቀዳ። እነዚህ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። እጁ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሞላ፣ አንቀጨቀጨ፣ ደፋ። ስድስተኛዋ የጀርም ጠርሙስ ናት። በእንፋሎት ተቀቅላ፣ አፏ በወረቀት ታስሮ፣ ቁንጥር ነጭ ዱቄት በሆዷ ይዛ ትመጣለች። እሷ አትታጠብም። ዱቄቱ ክሎሪኑን ዝም ያሰኘዋል። ዱቄቱ ከሌለ ክሎሪኑ እስከ ላብራቶሪ ድረስ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገድል ይሄዳል፤ ቆሻሻው ውሃም ንጹሕ ነኝ ብሎ ይመሰክራል።

ስድስተኛዋ የምትቀዳው፣ ድሮ የውሃ ቢሮውን መኪና ይነዳለት ከነበረው ከአሮጌው ሾፌር ግቢ ነበር።

«ጋሽ ጠርሙስ! እግርህ ይህን ደጅ ያውቀዋል እንዴ?» አለ ሾፌሩ ከበርጩማው ሳይነሣ።

«ሥራ ነው ያመጣኝ።»

«እሱማ፣ በፍቅርማ አትመጣም።» የልጅ ልጁ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ከታመመች ገና ሳምንቷ ነው፤ አንገቷ ክር አክሏል። «ውሃ፣ ውሃ እያለች ጆሮዬን በላችው። ነገ ይከፈታል አሉ፤ እውነት ነው?»

ጋሽ ጠርሙስ ወደ ቧንቧው ጎንበስ አለ። የቧንቧውን ቁልፍ ፈታ፣ የውጭ ጀርም እንዳይገባ የቧንቧውን አፍ በእሳት ለበለበ፣ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ለቀቀ። ዓይኑ ግን ከልጅቱ አንገት አልተነሣም። እጁ ብቻውን ሠራ።

ጠርሙሷን በረዶው ውስጥ ቀብሮ ቧንቧውን መልሶ ቆለፈ፤ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል እግሩን አየ። የጫማው አፍንጫ ርሷል። ከማጠራቀሚያው ሲወርድ ደርቆ ነበር። ግቢው ውስጥ ውሃ የደፋበት ምክንያት አልነበረም፤ ካልታጠበች በቀር።

ሞተሩን ሳያስነሣ ቆመ። 

ይህች እጅ ከሃያ ዓመት በፊትም እንዲሁ አድርጋ ነበር። ያን ጊዜ ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ፤ ቧንቧው ተከፈተ፤ ሁለት ሰው ተቀበረ። ምርመራ ሲመጣ ሾፌሩ ከፊቱ ቀደመ። «ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ዱቄቱ አቧራ መስሎኝ» አለ። በኋላ በጆሮው፣ «አንተ ትናንት ወልደሃል። እኔ የመኪና መሪ የትም አላጣም» አለው። አጣ። ስሙ ከፊቱ እየደረሰ አስባረረው፤ ሃያ ዓመት የሰው በር ጠበቀ።

ስልኩ ጮኸ። የውሃ ቢሮው ኃላፊ ነው። «የት ቀረህ? ሰዉ የቢሮዬን በር ሊሰብረው ነው!»

ወደ ላብራቶሪ ነዳ። በየመንገዱ ባዶ ጀሪካን የያዘ ሰው ሲያይ የሚከተለው ይመስለዋል። ኃላፊው መስኮቱ ጋ ቆሞ ጠበቀው፤ የላብራቶሪዋ ሴት እጇን ዘረጋች።

«ስድስተኛዋን አትቀበይ፤ አጥቤያታለሁ። ሌላ ስጪኝ፤ ልመለስ» አለ።

ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። ኃላፊው ወደ ጎን ሳበው። «ሁለት ወር ቀርቶህ? ክሎሪን እንደሆነ ገብቶበታል፤ ምን ይሆናል? ዝም ብለህ ስጣት።»

«ያን ጊዜም ዝም አልኩ።»

የናሙናውን መዝገብ ጎትቶ ጻፈ፤ ፈረመበትም። አዲሷን ጠርሙስ ተቀብሎ ተመለሰ። ሾፌሩ ፊት ቆሞ፣ ጮክ ብሎ «አትታጠብም» እያለ ቀዳት። ሾፌሩ ከበርጩማው ሆኖ አየው።

በማግሥቱ ውጤቱ ወጣ፤ ውሃው ቆሻሻ ነው። ቢቆፍሩ፣ ከግቢው ውጭ የተሰነጠቀ ቧንቧ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ተነክሮ ተገኘ። ባይመለስ ኖሮ ያን ዕለት ጠዋት ልጅቷ ጠጥታ ነበር።

ጋሽ ጠርሙስ ከሥራ ታገደ። ጡረታው ምን እንደሚሆን የነገረው የለም። የመዝገቡን ገጽ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይዞ ወደ ሾፌሩ ደጅ ሄደ።

«ምንድነው?»

«የአንተ ነው።»

«ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ።»

«ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የዛሬውንም፣ የዛሬ ሃያ ዓመቱንም። ሾፌሩ ጠርሙስ ነክቶ አያውቅም።»

 ሾፌሩ ልጅቷን ከአንዱ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወራት። አጥር ላይ ጎረቤቶች ብቅ ብለዋል።

«ጮክ በል እንጂ» አለ። «ሃያ ዓመት በሹክሹክታ ነው የያዝኩት።»

ጋሽ ጠርሙስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ አጥሩ ዞሮ ከመጀመሪያው ጀመረ።