ጃንጥላው ሲታጠፍ

ልጄ ሳሎናችን ውስጥ ባሕር ሲያስገባ ዝም ያልኩት አንጀቴን ስለበላው ነው። ሚስቱ ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ከሥራ መጥቶ ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚያመሸው። እናም ትልቁን ሶፋ ገፍቶ በቦታው የመስታወት ገንዳ አቆመ፤ ጨው በባልዲ እየበጠበጠ ሞላው፤ ከላይ ሰማያዊ መብራት ሰቀለበት። ከዚያ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። እኔ የፈራሁት ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ መሆናቸውን ነበር። መፍራት የነበረብኝን ገና አላወቅሁም።

የልጅ ልጄ ሚጡ አንደኛ ክፍል ናት። እናቷ የሄደች ዕለት የልጅቷን እጅ እጄ ላይ አኑራ "አደራ እማማ፣ አደራ" ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ስትበላ እንዳያንቃት፣ ስትሮጥ እንዳትደፋ፣ ስትታጠብ ብርድ እንዳይመታት ስል ነው ቀኑ የሚመሽብኝ።

ገንዳው ውስጥ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩ። የትም የሚሄዱት ተያይዘው ስለሆነ ሚጡ "ሙሽሮቹ" አለቻቸው። ጢሙ ከቁመቱ የሚረዝም፣ ሽሪምፕ የሚሉት ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረትም ነበር። ዓሦቹ ፊቱ ሲቆሙለት ገላቸውን እየለቀመ ያጸዳቸዋልና ፀጉር አስተካካዩ አልነው። ልጅቷ እጇን ስትከትለት ደግሞ ጣቷ ላይ ወጥቶ ጥፍሯን ይለቅማል። እኔ ጥፍርሽን ልቁረጥ ስላት ሰፈር የምትጠራብኝ ልጅ ለእሱ ሲሆን ጸጥ ትላለች።

ድንጋዮቹ ላይ እንጉዳይ የሚመስሉ ነገሮች ተለጥፈዋል። "እንጉዳይ አይደለም እማዬ፣ ኮራል ነው። እንስሳ ነው" ይለኛል ልጄ። ቀይና አረንጓዴ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ ነበሩ፤ እነሱስ ደስ ይላሉ። አንድ ቀን ግን የራት ሳህን የሚያህል ቡናማ ይዞ መጣ። ሻጩ "ሙሽሮቹ እንደ አልጋ ይተኙበታል" ብሎታል። ጃንጥላው አልነው።

ብዙም ሳይቆይ ከሙሽሮቹ አንዱ ጠፋ።

"ዘሎ ወጥቶ ይሆናል" አለ ልጄ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ከቁም ሣጥኑ ሥር በባትሪ እየፈለገ።

"ወጥቶስ የት ደረሰ? ታክሲ ያዘ?"

የት እንደደረሰ ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ልብስ ሳጣጥፍ ነው። ልጄ በቅርቡ የጨመራት ቢጫ ዓሣ ጃንጥላው ላይ ቆማ ነበር። የጃንጥላው ዳር ቀስ ብሎ ተነሣ። ዙሪያውን እኩል፣ ገመዱ እንደሚሳብ ከረጢት። ዓሣዋ መውጫው ሰፊ ሆኖ ሳለ አልሸሸችም። ክንፏን እያወዛወዘች ጠበቀችው። አፉ ተሰበሰበ፤ ኳስ ሆነ። ውስጡ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ከዚያ ምንም የለም።

ዞር ስል ሚጡ ከኋላዬ ቆማለች።

"አትፍሪ አያቴ፣ ውስጡ አይጨልምም" አለችኝ።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ሙሽራው።"

"ዓሣ ያወራል እንዴ የኔ እናት?"

"አያወራም። እጄን ስከተው ነው የማውቀው።"

ልብሱ ከእጄ ወደቀ። በማግስቱ ልጄ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደሄዱ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ በርጩማ ላይ ቆሜ ገንዳው ላይ ጎነበስኩ። ጃንጥላውን እዚያው ድንጋዩ ላይ ከተፍኩት። ደም የለውም፤ ልሃጭ ብቻ ነው። ፍርፋሪውን የውሃው ፓምፕ እያዞረ ወሰደው፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ቢላዬን ሦስቴ አጠብኩ።

ልጄ ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ እሱ እኮ ሲቆረጥ ነው የሚራባው። ሻጮቹም ሲያባዙት በምላጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ይሆናል።"

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?"

"ሳሎን ገብተሽ ትከትፊዋለሽ ብዬ በምን ላስብ?"

ያገኘውን ለቃቅሞ አወጣ፤ ያላገኘው በለጠ። እየቆየ ከየስንጥቁ፣ ከቱቦው ሥር፣ ከመስታወቱ ጥግ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ አለ። ነጠብጣቡ ቁልፍ አከለ፤ ቁልፉ የሻይ ማስቀመጫ። የቀረችው ሙሽራ በመካከላቸው ትዞራለች፤ ወዳለፈችበት ሁሉ ጠርዛቸውን ያነሣሉ። ሚጡ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። እጅሽን እንዳትከቺ ብዬ ለምኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁ፤ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌያለሁ።

ዛሬ ከወጥ ቤት ስወጣ ፕላስተሩ ተልጧል። ልጅቷ በርጩማ ላይ ቆማ እጅጌዋን ትሰበስባለች። ሙሽራዋ የለችም።

"ጠሩኝ" አለች፤ ለጨዋታ ጎረቤት እንደጠራት ሁሉ።

አንሥቼ ወደ ኋላ አስቀመጥኳት። "ቆይ፣ እኔ ልይልሽ" ብዬ እጄን ከተትኩ። ባዶ መሆኑን ላሳያት ነበር ሐሳቤ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ጥፍሬን ይለቅም ጀመር፤ በነዚያ ስስ እግሮቹ። ከዚያ ቡናማዎቹ አንድ በአንድ ወደ እጄ ዞሩ፤ ጠርዛቸው መዳፌን ነካ። እንደ ምላስ ለስላሳ ናቸው። ጉልበቴ ሕመሙን ተወ። ስለ ብርዱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አደራው የማስበው ሁሉ ከራሴ ላይ ወረደ። እውነትም አይጨልምም።

"አያቴ፣ በቃ አውጪው" ይላል ከሩቅ የልጅ ድምፅ።

"ትንሽ ቆይ፣ የኔ እናት።"

ቀሚሴን ይዛ ትጎትታለች፤ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ክንዴን ነከሰችው። እጄ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ተጨማዷል። በርጩማው ሥር ትሪ የሚያህል ውሃ ፈስሷል። ምድጃ ላይ የተውኩት ድስት አርሮ ቤቱ ጢስ ሞልቶታል።

ልጄ እንደገባ "ይህ ነገር ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ" አልኩት።

"ለሚጡ ፈርተሽ ነው?"

"አዎ" አልኩ፣ እጆቼን የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቼ። ሚጡ ኪሴን አየችው።

ልጄ ለሻጩ ደወለ። ሻጩ ነገ ከሰዓት እንጂ ዛሬ አይችልም።

"እንግዲያው ነገ ሥራ አትሂድ" አልኩት።

"ምነው እማዬ? ሚጡ እንደሁ ትምህርት ቤት ናት፤ ቤት የምትቀሪው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ለዚያ እኮ ነው" አልኩት።