የብሬዴንግ እህቶች

ማሂራ የተቀመጠችው የሟች እህት በምትቀመጥበት ቦታ ነበር።

ሰርክ ይህን ያየችው ጫማዋን ገና ሳታወልቅ፣ በሩ ላይ ሆና ነው። ስዊድን አገር፣ ብሬዴንግ በተባለው ሰፈር ያለው አፓርታማ ሶፋና ጠረጴዛው ወደ መኝታ ቤት ተገፍቶ ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፎበታል። መሃል ላይ የሟች እናት ወይዘሮ ዘመናይ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ወንድማቸው ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ፣ በግራቸው ደግሞ ይህች ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት የቴንስታ ሰፈር ልጅ አለች። ለቀስተኛው ጎንበስ ብሎ እናቲቱን ይስምና ወደ ማሂራ ዞሮ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል። እሷም እንደ ቤተ ዘመድ አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች።

«ማን ስለሆንሽ?» አለች ሰርክ በልቧ።

ምኞት ከሞተች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዘጠኝ ወር በጡት ካንሰር ስትማቅቅ ሰርክ አልሰማችም፤ የሰማችው ትናንት ነው፣ ያውም ከፌስቡክ። ቀብሩ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ በዚህ አገር ሬሳም ወረፋ ይጠብቃል። አበሻው ግን ሐዘኑን ለወረፋ አይሰጥም። መርዶው እንደተሰማ ቤቱን ሞልቶታል።

ሰርክ በሰዎች ጉልበት መካከል አልፋ ሄዳ የወይዘሮ ዘመናይን ጉልበት ሳመች። «እትዬ...» አለችና የሚቀጥለው ቃል ጠፋባት።

ወይዘሮ ዘመናይ አላቀፏትም፣ አልገፏትምም። «መጣሽ?» አሉ ብቻ።

«እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን።»

ስድስት ዓመት የተከማቸው ነገር በዚህ አለቀ። ሰርክ ወደ በሩ ተመልሳ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቴርሞስ ይዛ ቡና የምታዞረው የቤቱ ጎረቤት ኢየሩሳሌም በኩባያ ቀዳችላት። «ቢዘገይም መምጣትሽ ደግ ነው» አለቻት፣ ሦስት ሰው በሚሰማው ድምፅ።

ሰርክ ኩባያውን ተቀበለች። ዓይኗ ማሂራ ላይ ነበር። ልጅቷ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከማቀዝቀዣው ጎን ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች፣ የወይዘሮ ዘመናይን የደም ግፊት መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። በሰርክ ጊዜ መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከመስኮቱ ሥር ነበር። ዕቃው ቦታ ቀይሯል፤ አዲሱን ቦታ የምታውቀው ማሂራ ናት።

«ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት ወይዘሮ ዘመናይ።

በለቅሶ ቤት መቅናት ነውር ነው። ሰርክ ነውር መሆኑን አጥታው አይደለም፤ ማወቋ ግን ምንም አልረዳትም።

እሷና ምኞት እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ምኞት ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰርክ አምስተኛ። በሃያ ዓመታቸው ሬስሊንግ የሚሠለጠንበት አንድ ምድር ቤት አገኙ። እውነተኛ ድብድብ እንዳልሆነ የተማሩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከድብድብ የሚከብድ መሆኑን ግን በሁለተኛው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። የቀረው ሥራ መተማመን ነው፤ የምታነሺያት ሴት አካሏን ታውስሻለች፣ አንቺ ደግሞ ሳትሰብሪ ትመልሻለሽ። ጥንድ ሆነው ሲጋጠሙ አንዷ ገመዱ ውስጥ ትታገላለች፣ ሌላዋ ማዕዘኑ ላይ ከገመዱ ውጭ ቆማ እጇን ትዘረጋለች። እጅ ለእጅ ሲነካኩ ይቀያየራሉ።

ሌሎቹ ታጋዮች ቀጥሎ የሚሠሩትን በፀጉራቸው ተከልለው በስዊድንኛ ይንሾካሾካሉ፤ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰው አንዳንዴ ይሰማቸዋል። «የብሬዴንግ እህቶች» የሚባሉት ሁለቱ ግን በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት፣ ያውም ሳይደበቁ። «በግራ አዙሪኝ»፣ «ቆይ ትንፋሽ ልሰብስብ»። ምኞት አንገቷ በባላጋራ ክንድ ተይዞ፣ ዓይኗ ሊወጣ ደርሶ እያለ፣ «አንቺ፣ ምድጃውን አጥፍተሻል?» ትላታለች። ሰርክ እንዳትስቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሕዝቡ የተናደደች እየመሰለው ይጮኻል።

መጀመሪያ አርባ ሰው መጣላቸው። በአምስተኛው ዓመት ትኬቱ ከሳምንት በፊት ያልቅ ጀመር። የብሬዴንግ ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ከአግዳሚ ወንበር ላይ እየዘለሉ «እኔ ምኞት፣ አንቺ ሰርክ» ይባባሉ ነበር። «ራቁታቸውን ከፈረንጅ ጋር ይንከባለላሉ» ብሎ ያማቸው የነበረው አበሻ በእንቁጣጣሽ ድግስ ላይ አብሯቸው ፎቶ ለመነሳት ተሰለፈ። ከተሰለፉት የመጀመሪያዋ ይህችው ባለ ቴርሞስ ኢየሩሳሌም ነበረች።

አዳራሹ ግን የሚጮኸው «ምኞት! ምኞት!» እያለ ነበር። ለምታነሳው ለሰርክ ያጨበጭባሉ፤ ወድቃ ለምትነሳው ለምኞት ግን ያለቅሳሉ። ሰርክ እጇን ዘርግታ ማዕዘኑ ላይ ቆማ ያን ጩኸት ስምንት ዓመት አዳመጠች።

በማግሥቱ ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ መነጽራቸውን አድርገው በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ለቤተሰቡ አሰሙ። የትውልድ ቦታዋን፣ ትምህርቷን፣ ሄምትየንስት ውስጥ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች መንከባከቧን አነበቡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በትርፍ ጊዜዋም በልዩ ልዩ ስፖርታዊ እንቅስቃሴዎች ትሳተፍ ነበር» አሉ።

ሰርክ ከወንበሯ ተነሳች። «ስፖርታዊ እንቅስቃሴ? ጋሼ፣ ለጤናዋ ብላ ዱላ ይዛ ጫካ ለጫካ የምትዞር የስዊድን ጡረተኛ አደረጓት እኮ!»

ጥግ ላይ ያሉ ወጣቶች ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ተቆጥተው። «ቄሱ ፊት ቆሜ ሰው ስትፈነግል ትውል ነበር ልበል?»

«አዎ! አፍራችሁባት ኖራችኋል፣ ዛሬ እንኳ እንዳታፍሩባት። ሥራዋ ነው። ከናንተ ከማንኛችሁም በላይ ሥራዋን ታውቅ ነበር።»

«ጻፈው» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ ቀና ሳይሉ።

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ብዕራቸውን አወጡ። «እሺ። ሬስሊንግ... ከማን ጋር?»

«ከማሂራ ጋር ነዋ! እስክትታመም ድረስ ጥንዷ ማን ሆነና?» አለች ኢየሩሳሌም።

«ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር ነው» አለች ሰርክ።

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ እህታቸውን አዩ፤ እህታቸው ምንጣፉን ያያሉ። «ማሂራ» ብለው ጻፉ፤ ከስሙ አጠገብ ባዶ ቦታ ተዉና ወረቀቱን አጠፉት።

ሰርክ ያን ባዶ ቦታ እያሰበች ኩባያ ልታጥብ ወደ ኩሽና ሄደች። ማሂራ ተከትላት ገባችና ፎጣ አነሳች።

«ስለተናገርሽ ደስ ብሎኛል» አለቻት። አማርኛዋ የኮምቦልቻ አባቷ ቅላጼ አለው፤ መሃል መሃል ላይ ስዊድንኛ ይገባበታል። «እኔ ብናገር፣ አልትሶ፣ ማን ይሰማኛል? እሷ ስላንቺ ሁልጊዜ ታወራ ነበር።»

«ምን ብላ?»

«ሁሉንም። ድሮ ከአባቴ እሰማ ነበር እንጂ መናገር ላይ ዜሮ ነበርኩ፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ፣ ሪንግ ውስጥ እንድንነጋገርበት። ‹ውደቂ›፣ ‹ያዢኝ›...» ማሂራ ፊቷ በራ። «ደግሞ ታስቀኝ ነበር። በጭንቅ መሃል ‹ምድጃውን አጥፍተሻል?› ትለኛለች።»

ሰርክ እጇ ላይ ያለውን ኩባያ ለረጅም ጊዜ አጠበችው። ማሂራ ቦታዋን ብትወስድ፣ የምኞትን እናት ብትወስድ፣ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ወራት ብትወስድ ተራ ነገር ነበር። ይህን ቀልድ ግን ምኞት እንዴት ሰጠቻት? እንደ አሮጌ ጃኬት አውልቃ!

«ንጹሕ ነው እኮ» አለቻት ማሂራ ኩባያውን እያየች።

«አየሁት» አለች ሰርክ።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ከወትሮው ይበልጥ ሞላ። ኢየሩሳሌም በሩ አጠገብ ካሉት ሴቶች ጋር ስልኳ ላይ የድሮ ግጥሚያ ቪዲዮ ከፍታ አጎንብሳለች። ሰርክ ማየት አላስፈለጋትም፤ ጩኸቱን አወቀችው። አዳራሹ «ምኞት!» ሲል፣ ከዚያም የወንበሩ ድምፅ።

ያኔ የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ ላሴ የሚባል ሰው ነበር። «ጥንድ የሚደምቀው ሲፈርስ ነው» አላቸው አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ። «አንዳችሁ ሌላዋን ትከዳለች። ሰርክ፣ አንቺ ነሽ ከዳተኛዋ።» ሰርክ ለምን እኔ ብላ ጠየቀች። ላሴም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፣ «አንቺ ብትመቺ የሚያለቅስ የለማ» አላት። ምኞት «ዝጋ አንተ!» ብላ ጮኸችበት። ሰርክን ይበልጥ ያቃጠላት ይህ ነው፤ የሚታዘንላት ሴት አዘነችላት።

የሚታጠፍ የብረት ወንበር በጠፍጣፋው ጎኑ ጀርባ ላይ ሲያርፍ አዳራሽ ያናውጣል እንጂ አጥንት አይነካም። ሺህ ጊዜ ተለማምደውታል። በዚያ በክህደቱ ግጥሚያ ቀን ምኞት ጀርባዋን አምና ሰጥታት ቆማ፣ ሕዝቡ ስሟን እየጠራ ሳለ፣ ሰርክ የእጇን አንጓ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አዞረችው። ወንበሩ በጠርዙ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ሐኪሙ ሲጠይቅ ምኞት፣ «አወዳደቄን አበላሽቼ ነው» አለች፤ ከዚያም ሰርክን አየቻት። ሰርክ አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ይተርፍ ነበር። ዝም አለች። ሁለቱ ከዚያ ኮሪደር በኋላ አልተገናኙም።

«እዩልኝ፣ እዩ እዚህ ላይ» አለች ኢየሩሳሌም ስልኩን ከፍ አድርጋ። «ደግሞ ስሜ ይጻፍ ትላለች! እግዜርን አትፈራም?»

ማሂራ ከፍራሹ ተነስታ ቆመች። «ይበቃል፣ እትዬ ኢየሩስ! ያ ድራማ ነው። የእኔም ሥራ ነው፣ አውቀዋለሁ። ምኞት ራሷ ነግራኛለች። ወንበሩ በትክክል ነው ያረፈው፤ እሷ ናት አወዳደቋን ያበላሸችው። ‹እንደ ሰርክ ያለ የሚታመን እጅ በስዊድን አገር የለም› ነው ያለችኝ። በቃ!»

ክፍሉ ሁሉ ወደ ሰርክ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቶቹ ለስላሳ ነበሩ። አንዲት ሴትዮ «እኔስ መቼ አመንኩ» ስትል ተሰማች። ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ወረቀታቸውን ዘርግተው ባዶው ቦታ ላይ «ሰርክ» ብለው ጻፉ።

የፈለገችው ይኸው ነበር። ስሟ ገባ፤ ያስገባችው ደግሞ የቀናችባት ልጅ ናት። ምኞት ለማሂራ ቃላቱን ሰጥታለች፣ ቀልዱን ሰጥታለች፣ ሕመሟን ሰጥታለች። የወንበሩን ምሥጢር ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ስድስት ዓመት ይዛው ኖራ ይዛው ሞተች። ከመላው ዓለም የሰርክና የእሷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ተረፈ። ሰርክ ዝም ብትል የእሷ ሆኖ ይቀራል።

«ምስኪን» አለች ኢየሩሳሌም ወዲያው ወገን ቀይራ። «ለካ መውደቅ ሳታውቅበት ነው የተሰበረችው።»

«ምን አልሽ?»

«አወዳደቋን አበላሽታ ነው አለች እኮ፣ ልጅቷ።»

«ምኞት?» ሰርክ ተነሳች፤ ፕላስቲኩ ወንበር ከኋላዋ ተገለበጠ። «ምኞት አወዳደቅ አታበላሽም! ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ስትወድቅ አይቻታለሁ፣ አንድ ቀን አላበላሸችም። እንዲህ ብላችሁ አትቀብሯትም!»

«ታዲያ...» አለች ማሂራ።

«እኔ ነኝ። ወንበሩን በጠርዙ አዞርኩት። አውቄ ነው።»

ማሂራ እጇን ወደ ራሷ ትከሻ ሰደደች፣ እሷ የተመታች ይመስል።

«ለምን?» አለች በሹክሹክታ።

«ቀናሁ። ስሟን ይጠሩ ነበር።»

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ብዕራቸውን አሁን የጻፉት ስም ላይ እንደ ቢላ ደግነው እህታቸውን ተመለከቱ። ወይዘሮ ዘመናይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርክን ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር።

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ» አሉ። «መቶ ጊዜ። ወድቃ ሳለ አጠገቧ ተንበረከክሽ፤ እሷ ቀና ብላ አንድ ነገር አለችሽ። ብዬ ብዬ ልሰማው አልቻልኩም። ብጠይቃትም አልነግር አለችኝ። ምን ብላሽ ነው?»

ሰርክ ጎንበስ ብላ የተገለበጠውን ወንበር አቆመች።

«ማልቀስ ጀምሬ ነበር፣ እትዬ። በድራማው ከዳተኛዋ እኔ ነኝ፤ መሳቅ ነበረብኝ። አጥንቷ ተሰብሮ... ‹አታልቅሺ፣ ሰው ያይሻል› አለችኝ።»

ወይዘሮ ዘመናይ እጃቸውን ምንጣፉ ላይ አስደግፈው ተነሱ። ማሂራ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው መለሷት። በለቀስተኛው መሃል ቀስ ብለው አልፈው ሰርክ ዘንድ ደረሱ። ትከሻቸው ላይ ያለውን ጥቁር ነጠላ አወለቁና በራሷ ላይ ጣሉባት፤ ፊቷ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ታች ሳቡት። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች አገጯ ሥር በእጃቸው ጨብጠው ያዙ፣ ማንም እንዳያያት።