የአባቷ መስኮት

“ኧረ ተይ ልጄ! ለቅሶ ቤት ውስጥ መዶሻ ይነሳል? ሰው ምን ይላል?” አክስቷ ከበሩ ላይ ሆነው በሹክሹክታ ተቆጧት።

እሷ ደጅ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመች የካቻቢቴውን ጫፍ በአባቷ መኝታ ቤት የመስኮት ክፈፍ ላይ በውጭ በኩል ጫን አደረገችው። ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ።

“አዩት አክስቴ? ቀለሙ ብቻ ነው ይዞት ያለው።”

ሳሎን ውስጥ እንግዶች ስለ አባቷ ያወራሉ። አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሮጦ የሚመጣ ሰው በመስታወት ካየ የማይንቀሳቀስ፣ ተሳፋሪውን ሲያስቅ የሚውል። ቤት ሲገባ ግን ዝምተኛ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የእረፍት ቀኑን ቤት ሲጠጋግን ነበር የሚያሳልፈው። እሷን መሰላል ላይ ያወጣና ከታች ይይዝላታል።

“ደህናው እንጨት እስኪገኝ ቁረጪ” ይላት ነበር። “ለበሰበሰው ካዘንሽለት አዲሱንም ይበላዋል።”

ኋላ ሥራ ሩቅ ከተማ ወሰዳት። ስትደውል መልሱ አንድ ነው፤ “እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው። አንቺ ብቻ ምሳሽን እንዳትረሺ።”

መሰላሉ ተወዛወዘ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ በያጁ ጎረቤታቸው፣ ኮቱን አውልቆ መጣና የመሰላሉን እግር ያዘላት።

“ሰማዩ ጠቁሯል እኮ እትዬ” አላቸው አክስቷን። “ዝናቡ ለቅሶ አለ ብሎ አይጠብቀንም።”

አክስቷ አጉረመረሙና ገቡ።

የበሰበሰውን በመሮ ፈነቀለች፤ እርጥብ ዱቄት እየሆነ እጇ ላይ ፈረሰ። ደህናው ጋ ስትደርስ ቆረጠች። ከጓሮ ያገኘችውን ጣውላ ለክታ ገጠመች። የመጀመሪያውን ሚስማር ልትመታ ስትል፣

“ያዝከው አባዬ?” አለች።

ከታች ሁለት እጆች መሰላሉን ጠበቅ አደረጉት።

“ይዤዋለሁ” አለ በያጁ ቀስ ብሎ።

ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነች። በያጁም ቀለሙን ሌላ ቀን አብረን እንቀባዋለን ብሏት ሄደ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ እንግዶቹም ተበተኑ። ያኔ ነው ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን መኝታ ቤት የከፈተችው።

አልጋው ክፍሉ መሀል ቆሟል። መስኮቱ ስር፣ ድሮ አልጋው በነበረበት ቦታ፣ ሳፋ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የወረደው ውሃ እስከ ወለሉ ድረስ ቢጫ መስመር ሠርቷል። አባቷ ስንት ክረምት እንዲህ እንደተኛ የሚነግራት የለም።

ደጅ ዝናቡ ይወርዳል። ሳፋው ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሳፋውን አነሳች። አልጋውን በጉልበቷ እየገፋች ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ በግድግዳው በኩል ከፍራሹ ስር ወሸቀችው።