አስተካክለሽ ላኪ

መምህሩ ጡረታ ቢወጡም ቅጽል ስማቸው አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ተማሪው ሁሉ «አስተካክለህ ና» ነበር የሚላቸው። እሳቸው ክፍል ውስጥ በተበላሸ እንግሊዝኛ የቀረበ ጥያቄ መልስ አያገኝማ። መጀመሪያ ጥያቄው ይስተካከላል፣ ከዚያ ይመለሳል። አንዱ ምስኪን ሽንት ቤት ለመሄድ ሲያስፈቅድ ሁለት ቃል አምታታና አስተካክል ተባለ። አስተካክሎ ሲመጣ ጉዳዩ ካለፈ ቆይቷል። መምህሩ ግን ቃላቸውን ጠብቀው ፈቀዱለት።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ መሆንን አስቡት። አንዲት ሴት ልጃቸው ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ለአባቷ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። «እንዳይዝግባት» ይላሉ፣ ልጅቷ ምስማር ይመስል። አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች በኋላም ሕጉ አልተሻረም። ከባሏ ጋር እሳትና ጭድ ሆነው ትዳሯ ሲፈርስ እንኳ፣ ጨቅላዋን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ በሌላው በስልኳ የጻፈችላቸው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ቤት ልምጣ ወይ ነው ነገሩ። ልጁ ጸጥተኛ ነው፣ አይረብሻችሁም። ባሌን አጥቻለሁ፣ እናንተን ደግሞ ማጣት አልፈልግም።

መምህሩ ሲያነቡ አንጀታቸውን በላቻቸው። እንባቸውም መጥቷል፤ እውነቱን አልደብቅም። ግን ምን ያደርጋል፣ ጸጥተኛ ለማለት «ኳየት» ማለት ሲገባት «ኳይት» ብላ አረፈች። ልጁ በጣም ነው እንደማለት፤ በጣም ምን? ማጣትን ደግሞ ከመላላት ጋር ደባልቃ «ሉዝ» የሚለውን «ሉስ» አድርጋዋለች። ኧረ ስንቴ አስተምረዋታል። እንባቸውን ጠርገው፣ መነጽራቸውንም ጠርገው፣ ሁለቱን ቃላት ለይተው አወጡና «አስተካክለሽ ላኪ» ብለው መለሱላት።

መልሱ እኮ ተዘጋጅቷል። መልሱ «ነይ» ነው። በማግስቱ ነጭ ቀለም ገዝተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ወገቤን ሳይሉ፣ የድሮ ክፍሏን ከጣሪያ እስከ ወለል ቀቡ። የሕፃን አልጋ አምጥተውም ብሎን በብሎን ገጣጠሙ። የተስተካከለው ጥያቄ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ሊመልሱላት ስልካቸውን ከኪሳቸው አልለዩም። ባለቤታቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቀለሙን አይተው ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። የቸገራቸው ልጅቷ ስልክ አለማንሳቷ ነው።

ሰንበት ብሎ፣ ባለቤታቸው ትንሿን አንሶላ ሲያነጥፉ፣ መምህሩ ስልካቸውን ይዘው ዘው አሉ።

«ላከች። ሁለቱንም አስተካክላለች።»

«ምኑን ነው ያስተካከለችው?»

«ጥያቄውን። አሁን ነይ እላታለሁ።»

ባለቤታቸው አንሶላውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን ነይ አላልካትም?»

«ሳታስተካክል? ደግሞ ቀለሙን የቀባሁት ለማን መሰለሽ?»

«ቀለሙን እሷ አይታዋለች?»

መምህሩ እስቲ ቀሪውን ልይ ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ፤ ሁለቱን ቃላት ብቻ አይተው ነበር የሮጡት። ልጁ «ኳየት» ነው ይላል። እናንተን «ሉዝ» ማድረግ አልፈልግም ነበር ይላል። ጥያቄው ይኸው፣ እንዳልከኝ አስተካክዬዋለሁ፣ መልሱን ግን ተወው፤ ቤት ተከራይቻለሁ ይላል። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች ስህተት ፈለጉ።

«ምን ትላለች?» አሉ ባለቤታቸው።

«ቤት ተከራይታለች።»

ባለቤታቸው አንሶላውን አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። «እንግሊዝኛዋስ?»

«አንድ ስህተት የለውም» አሉ መምህሩ።

«በል አልጋውን ፍታልኝ፣ ይዤላት እሄዳለሁ።»

መምህሩ ካቻቢቴውን አምጥተው ተንበረከኩ። ሲገጥሙት ቀሎ የነበረ አልጋ ሲፈቱት ከበዳቸው። ባለቤታቸው ልብሳቸውን በፌስታል ይከታሉ።

«እኔስ ልምጣ?» አሉ ከወለሉ ላይ፣ ቀና ሳይሉ።

«መሄዱን ማን ከለከለህ?»

«አልጠራችኝማ።»

«አንተስ ጠርተሃት ነበር?» አሉ ባለቤታቸው።

መምህሩ ወደ ቀጣዩ ብሎን አለፉ።