ካቻቢቴው የሰማው ፉጨት

ሞተር የሚታከመው በጆሮ ነው። የረዥሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ትደግፍና እጀታውን ጆሮህ ላይ ትለጥፋለህ፤ የታመመው ቦታ ራሱ ይነግርሃል። እኔና ታላቅ ወንድሜ በጋራዣችን ሠላሳ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ይዞ የመጣውን ስንቱን ጉረኛ አሳፍረናል መሰላችሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስንቀልድ ካቻቢቴውን ወንድሜ ደረት ላይ ደገፍኩት። በየምቱ መሃል ፍሽሽ የሚል ፉጨት ሰማሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮንህ ተበልቷል፣ ያስተነፍሳል» አልኩት። እሱ፣ እኔ፣ ምሳ ልትበላ የመጣችው ልጁ፣ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚያ ሰሞን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ይመስል ነበር። አይቻለሁ። አረጀህ እያልኩ ሳፌዝበት ከረምኩ እንጂ ምን ሆንክ አላልኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት ጎማ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጠርቶ አስረዳን። «የልቡ በር ሦስት ክንፍ ሊኖረው ሲገባ በሁለት ነው የተወለደው። በጊዜ ብዛት ደንድኖ ጠበበ፣ ደም ማሳለፍ አቃተው። በዘር ይመጣልና እናንተም ተመርመሩ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ልጁ በማግስቱ ሄዳ ተመረመረች፣ ደህና ነሽ ተባለች። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ፉጨቱ ግን አልለቀቀኝም። ጎማ ሲተነፍስ እሱ ነው። ውኃ ሊፈላ ሲል እሱ ነው። ጋራዡን ቆልፌ ስሄድ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሐዘን ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ጎኔን ሳሳርፍ ከራሴ ደረት እየተነሳ ትራሱ ላይ እንደሚሰማኝ ገባኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። በወንድሜ ላይ ስቄ የራሴን ልታከም? በምን ፊቴ!

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። የወንድሜ ልጅ በአባቷ ቦታ ገብታ አብራኝ ትሠራለች። አንድ ጠዋት ባትሪ ሳነሳ ዓይኔ ጨለመና ግድግዳ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ቁርስ አልበላሁም።»

«አባዬም እንደዚህ ነበር የሚለው።» ካቻቢቴውን ከማንጠልጠያው አወረደች።

«አትቀልጂ፣ ሥራ አለብን።»

አልሰማችኝም። ጫፉን ደረቴ ላይ ደገፈች፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የቆምኩት አባቷ ያን ቀን የቆመበት ቦታ ነበር። በሳቀች ብዬ ተመኘሁ። አልሳቀችም።

«ታውቅ ነበር?»

ካቻቢቴውን ከእጇ ወስጄ ወደ ማንጠልጠያው መለስኩት።

«ለምን ጋሼ?»

«ስቄበት ነበራ።»

«እኔም ስቄያለሁ» አለች። «እኔም እኮ ስቄያለሁ። ብቻዬን ትተኸኝ ልትሄድ ነው?»

የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኋት።

በሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ልቤን አየሁት። ደሙ የሚያልፍበት ቀዳዳ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ቀርቷል። ደረቴን ከፍተው የደነደነውን በር አወጡና የብረት ተኩልኝ። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ክኒን እውጣለሁ፣ ዕድሜ ልኬን።

አሁን ደረጃ ሳልቆም እወጣለሁ። ክፍሉ ጸጥ ሲል አዲሱ በር ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። ጎማ ሲተነፍስም ጎማ ብቻ ነው።

ትናንት ካቻቢቴውን ደረቴ ላይ ደግፌ ቆየሁ። ፈለግኩት፣ ፈለግኩት፣ የወንድሜ ፉጨት የለም።

«ካቻቢቴው ምን አለህ?» አለች የወንድሜ ልጅ፣ ከመኪና ስር ብቅ ብላ።

«ደህና ነው» አልኳት። አባትሽን አጣሁት ማለት አቃተኝ።