የካዛንቺሱ ቅርንጫፍ ወረፋ

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሃድጉ፣ ደንበኛ ከአስር ደቂቃ በላይ እንደማይጠብቅ አስረዱ። ባለሱቋ ቢፍቱ ደግሞ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ግማሽ ቀኗ እዚሁ እንደሚያልቅና ገበያዋ እየሸሸ መሆኑን ተናገረች። ባንኮችን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሁለቱንም አመሰገነ።

ሰብሳቢው «እንግዲህ ‹አበረታች ጅምር ታይቷል› ብለን እንፈርም» አሉ። እስካሁን የጎበኟቸው ቅርንጫፎች ሁሉ አበረታች ጅምር ነበራቸው።

የኮሚቴው አባል እጸገነት ዙሪያዋን አየች። ሁሉም መስኮት ላይ ሠራተኛ ተቀምጧል።

«ዛሬማ እናንተ መጥታችሁ ነው» አለቻት ቢፍቱ። «በቃ፣ በየቀኑ ኑልና!»

አቶ ሃድጉ ብቻቸውን ሳቁ። ሰብሳቢው ብዕራቸውን ለእጸገነት ዘረጉላት።

«ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፣ እህቴ።»

«አልፈርምም» አለች ጮክ ብላ። «ነገ ባጄን አውልቄ ወረፋ እይዛለሁ።»